የግራ እጅ ፍሬን

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ከነዳጅ ደረሰኝና ከስሜ በቀር ብዙ ጽፌ አላውቅም፤ ብዕር ስይዝ እጄን ያልበኛል፣ የመኪና መሪ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የአስጎብኚዎች ማኅበራችን «ከመካከላችሁ ስለ አንድ ሰው ሕይወት የሚጽፍ አለ ወይ?» ሲል የተማሩት ሁሉ ጣራ ጣራውን አዩ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ። አሁን አፍራለሁ፤ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። የዕቃውን መኪና እየነዳሁ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላው ስለተከተልኩ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ያላየሁትን ራሱ ነግሮኛል። «ጻፈው፣ ግን አታሳምረው» ብሎኛል። ማሳመር ብፈልግም አልችልበትም።

ሰውየው ካቴና ይባላል። ካቴና የብስክሌት ሰንሰለት ነው። ብስክሌት አዋቂ ስለሆነ የወጣለት ስም የሚመስላቸው አሉ፤ ሸሚዙን አውልቆ ሲታጠብ ያየው ሰው ግን እንደዚያ አይልም።

አባቱ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። አንዲት ክፍል ነበረችው፤ ግማሿ ቤት፣ ግማሿ መሥሪያ። ከአልጋው በላይ ጎማ ተሰቅሏል፣ ከድስቱ አጠገብ የቅባት ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ልጁ የሚበላው ነገር ሁሉ ግሪስ ግሪስ ይል ነበር። አባትየው ክፉ አፍ አልነበረውም፣ ክፉው እጁ ነው። ልጁ አንድ ብሎን ሳያጠብቅ ከረሳ አይሰድበውም፣ አይጮህበትም። ብድግ ብሎ ከሚስማሩ ላይ አሮጌ ካቴና ያወርዳል። «ይህ ብሎን የሰው አንገት ነው» ይላል በለሆሳስ። ከዚያ ይገርፈዋል። የሰንሰለቱ ዐይኖች እስከ ዛሬ ድረስ ጀርባው ላይ ተራ በተራ ይታያሉ፣ እንደ ስፌት።

አሥራ አምስት ዓመት በሞላው ሰሞን ካቴናው ሲመጣ ዞሮ በመዳፉ ያዘው። አባት ይጎትታል፣ ልጅ አይለቅም። ደሙ በክርኑ በኩል መሬት ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ የለቀቀው አባትየው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አላነሳበትም፤ ግን አፉንም አልከፈተለትም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ አንድ መፍቻ እየተቀባበሉ ሠሩ።

ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ሰው ምን ዓይነት ጎረምሳ እንደሚሆን እኔ መናገር የለብኝም። ነገር ሲገጥመው ቃል አይመጣለትም፣ ቡጢው ይቀድማል። አፍንጫ ሰብሯል፣ የራሱም ተሰብሮ እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ ያያል። ሁለት ጊዜ ታስሯል። ከዚህ ሁሉ ያወጣው ተራራው ነው። የውጭ አገር እንግዶችን በብስክሌት ተራራ ለተራራ የሚያዞር ድርጅት ጠጋኝ ፈልጎ ቀጠረው። ቋንቋውን ከእንግዶቹ አፍ ለቀመ። በሁለት ዓመቱ መሪ ሆነ።

መንገዱ የአራት ቀን ነው። ሁለቱ ቀን ዳገት ብቻ ነው፣ ሳንባ ያስተፋል። ሦስተኛው ቀን ከአፋፉ ላይ ይወጣና ወዲያ ማዶ ቁልቁል ይወረወራል። እዚያ ማዶ የተራራው ሰዎች ይኖራሉ። እኛ ታች ያለነው ሁላችንም ከመምጣታችን በፊት የነበሩ ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ገደሉን በድንጋይ እርከን ደረጃ በደረጃ ገንብተው ያርሱታል። ብዙ ጊዜ ተታልለዋል፣ ብዙ ጊዜ ከመሬታቸው ተነቅለዋል። ስለዚህ ከታች የመጣ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ እጁን ነው የሚያዩት፤ ምን ይዞ መጣ፣ ምን ይዞ ሊሄድ ነው ብለው።

ካቴና ሚስቱን ያገኘው ከነሱ ነው። ከተራራው ግርጌ ባለው ጤና ጣቢያ ረዳት ነርስ ናት። እጁ የተሰበረ፣ ጉልበቱ የተላጠ እንግዳ ይዞ በመጣ ቁጥር፣

«ደግሞ መጣህ? አንተ ሰው ታስጎበኛለህ ወይስ ትሰብራለህ?» ትለው ነበር።

እሱ መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን ብቻውን መጣ።

«ዛሬስ የተሰበረው ማን ነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ምንህ?»

«ገና ነው። ወንድምሽን ላናግረው መሄዴ ነው።»

እውነቱን ነው። ወንድሟ ድንጋይ ፈላጭ ነው፣ መዶሻ ነው የሚሉት፤ አንገትና ትከሻው አንድ ላይ የበቀለ ሰው ነው። «ጎማ ነፊ እህቴን አይወስድም» አለና ግቢው መሀል ገጠመው። ካቴና ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበረ፣ የመዶሻ የፊት ጥርስ ወለቀ። አጎታቸው አጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። እርከን ገንቢ ነው፣ ሽበቱ የወጣ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። ሁለቱም መቆም አቅቷቸው በጉልበታቸው ሲንበረከኩ ተነሣና፣

«በቃ፣ አሁን ተዋውቃችኋል» አላቸው። «ውሃ ስጧቸው።»

እንዲህ ነው ዘመድ የሆኑት። እንግዶች ይዘን በመንደሩ ስናልፍ አጎትየው ከእርከኑ ላይ «ሰርገኛው» ብሎ የሚጠራው ከዚያ ወዲህ ነው። መዶሻ ግን በአማችነት ስድስት ዓመት ኖሮም ጥርሱን አልረሳም።

አሁን ስለ ሥራው አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ያለሱ የቀረው አይገባም። ብስክሌት ሁለት ፍሬን አለው፣ በየእጁ አንድ። የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ ግን ከአገር አገር ይለያያል። በአንዳንዱ አገር የፊቱ በግራ እጅ ነው፣ በአንዳንዱ በቀኝ። ለጥ ባለ ሜዳ ምንም አይደለም። ቁልቁለት ላይ ግን የፊቱን ብቻ ጨምቀህ ከያዝክ የኋላው ጎማ ይነሣና በብስክሌቱ መሪ ላይ አሽቀንጥሮ ይጥልሃል። ሰው ደግሞ ሲደነግጥ የሚያስበው ጭንቅላቱ አይደለም፣ እጁ ነው፤ እጅ የለመደውን ይይዛል። ስለዚህ ካቴና በመጀመሪያው ቀን ጧት እንግዶቹን በተርታ አቁሞ «የፊት ፍሬንህ በየትኛው እጅ ነው?» ብሎ አንድ በአንድ ይጠይቃል። የሚሰጣቸውን ብስክሌት ገመዱን ፈትቶ እንደየልማዳቸው ያዛውርላቸዋል። ሌላ መሪ ይህን ሲያደርግ አላየሁም። የራሱ ብስክሌት አባቱ ቤት እንደለመደው ነው፤ የፊቱ በግራ።

አሁን በምነግራችሁ ጉዞ ላይ ስድስት እንግዶች ነበሩ። አንደኛው በጣም ረጅም ነው፣ ወጣት፣ ሁልጊዜ የሚስቅ፤ ረጅሙ አልነው። በሱ አገር የፊቱ በቀኝ ነው። ካቴናም አዛውሮለታል።

ሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አፋፉን ወጡ። እኔ መኪናው በእግር መንገድ ስለማይሄድ ዞሬ ታች መንደር ልጠብቃቸው ቀድሜ ሄጃለሁ። አፋፉ ላይ የከብት ጠባቂ ውሾች አሉ። የካቴና ሕግ አጭር ነው፤ ውሻ ሲመጣ ውረድ፣ ብስክሌቱን በአንተና በሱ መሀል አቁም፣ አትሩጥ። አምስቱ ወረዱ። ረጅሙ ሳይወርድ ሮጠ። አንዱ ውሻ፣ ጥጃ የሚያህል፣ ተረከዙን ሊነክስ ሲል የኋላው ጎማ ውስጥ ገባ። ካቴና እንደነገረኝ ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። ጥቂት የጎማው ሽቦዎች ተበጣጠሱ፣ ማርሽ መቀየሪያው ተገንጥሎ ወጣ፣ ረጅሙ በጎኑ ወደቀ። ውሻው ወገቡ ተሰብሮ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ያገኘውን ይነክሳል፤ ጎማውን፣ ፔዳሉን፣ የራሱን እግር።

ካቴና ሊያላቅቀው እጁን ሰደደ። ውሻው ክንዱን ያዘው። ጥርሱ ከአጥንት ጋር ተገናኘ። በሌላው እጁ ድንጋይ አነሣና ራስ ቅሉን መታው። አልበቃም። ደገመው። ሦስተኛው ላይ መንጋጋው ላላ። አንዷ ሴት እንግዳ ወደ ጎን ዞራ አስመለሰች። ሌሎቹ እሱን የሚያዩት እንደ ሰው አልነበረም።

«ገደልከው» አለው ረጅሙ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ።

«አንተ ሰበርከው፣ እኔ ጨረስኩት። ተነሣ።»

ሸሚዙን ቀድዶ ክንዱን አሰረ። ባለ ውሻው ከመጣ ሌላ ጠብ ነው። የረጅሙን ብስክሌት ሲያየው ካቴናው ተበጥሷል፣ ማርሽ የለውም፤ ለቁልቁለት ግን ካቴና አያስፈልግም፣ የለመደ ሰው ዝም ብሎ ይንሸራተትበታል። እንግዳ ግን በተሰበረ ነገር አይወርድም። ስለዚህ የራሱን ብስክሌት ሰጠው። ኮርቻውን ለቁመቱ ከፍ አደረገለት። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። የሁለቱንም ፍሬን ገመድ ጎትቶ አየ፣ ደህና ነው። በደም የራሰ እጁ ያንሸራትተው ስለነበር ብሎኑን ሁለት ጊዜ አጠበቀ።

«ከኋላዬ። በዝግታ። የኋላውን ፍሬን ብቻ፣ ቀስ እያልክ» አለው።

የትኛው እጅ እንደሆነ አልነገረውም።

ካቴና በተሰበረው ብስክሌት ፊት ወረደ። ገና የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ አጎትየው ከእርከኑ ሥር ድንጋይ ይደረድራል። ካቴና ደወሉን መታ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈው።

«ሰርገኛው፣ ሸሚዝህን ማን በላው?»

«ውሻ ነው፣ አጎቴ።»

«የእህቴ ልጅ መስላኝ።»

ካቴና ሳቀ። አጎትየው አንድ ሰው አለፈ ብሎ ድንጋዩን ለማንሣት ወደ መንገዱ መሀል ጎንበስ አለ። ረጅሙ ከጥምዙ ብቅ ሲል ሽማግሌውን አየው። ካቴና ከፊት ሆኖ ያየው ነገር የለም፤ የሰማው ነው። ጎማው አልጮኸም። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ፣ ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ከድንጋይ ጋር ተጋጩ፤ አንዱ ብረት ነበር።

ሲመለስ ብስክሌቱ እርከኑ ላይ ተሰቅሏል፣ የፊት ጎማው አሁንም ይዞራል። ረጅሙ ትከሻው ወጥቶ አፈር ላይ ይንፈራገጣል። አጎትየው ግድግዳው ሥር ተቀምጧል፣ የሚያርፍ ይመስላል። ካቴና ራሱን ቀና ሲያደርግለት የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ለስላሳ ነበር። «እዚህ ላይ ላቁም» አለኝ፣ ከዚህ በላይ አልነገረኝም።

ሰዎች ከየእርከኑ ወረዱ። አንዱ በአካፋ፣ አንዱ በባዶ እጁ። ረጅሙን ሲመቱት በመጀመሪያ አልጮኸም፣ ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባውም። ከዚያ ጮኸ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ፊቱን ትመታዋለች፤ እየመታች ታለቅሳለች። የቀሩት አምስት እንግዶች ላይ ማንም እጁን አላነሣም፤ ጥምዙ ላይ ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል፣ እንደ ተሰካ ችካል። መዶሻ ከድንጋይ መፍለጫው ሲደርስ እጁ ውስጥ የነበረው ያው መዶሻው ነው።

ካቴና ረጅሙ ላይ ተኛበት። ጀርባው የአካፋውን እጀታ ተቀበለ፤ ያ ጀርባ ለምዶታል። የተራራውን ቋንቋ የሚናገረው ተሰባብሮ ነው፣ ደንግጦም ነበር፣ «በቃ፣ በቃ» ብቻ ነው የሚወጣው።

«ልቀቅ» አለው መዶሻ።

«አልለቅም።»

«ከሱ ጋር አጣብቄ እመታሃለሁ።»

«ምታ።»

መዶሻው ሲነሣ ካቴና ከወገቡ ላይ የጎማ መንፊያውን መዘዘ። ብረት ነው፣ ክንድ ያህላል። የመዶሻን የእጅ አንጓ ከታች ወደ ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። መዶሻው ከእጁ ወድቆ ወደ ገደሉ ተንከባለለ። መዶሻ በግራ እጁ የካቴናን ጉሮሮ ያዘ፣ ወደ ግድግዳው አስደግፎ ያንቀው ጀመር። እኔ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። ከታች ጩኸቱን ሰምቼ መኪናዬን እስከሚችለው ዳገት ድረስ አወጣሁትና ክላክሱን ይዤ አልለቅም አልኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ሰው ዘወር አለ። አንዲት አሮጊት «ሽማግሌው ይተነፍሳል፣ ተሸከሙት እንጂ» ብላ ስትጮህ ነው እጆች ሁሉ የተለቀቁት።

አጎትየውን ከኋላ ወንበር አስተኛነው። ረጅሙን ከዕቃው መሀል፣ ከተጣመመው ብስክሌት ጎን ጣልነው። ካቴና እንዳይነኩት አጠገቡ ተቀመጠ። መዶሻ የተሰበረ እጁን ጉያው ከትቶ ከፊት ከኔ ጎን ተቀመጠ። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ድረስ ከኋላ የሽማግሌው ማንኮራፋት ብቻ ነው የሚሰማው። እንቅልፍ እንዳልሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የካቴና ሚስት በሥራ ላይ ነበረች። በሩን ከፍታ ማን እንደሆነ ስታይ አልጮኸችም። «ወደዚህ፣ ቀስ፣ አንገቱን ያዝ» ብቻ አለች። አጎትዋ አሥር ሰዓት ላይ ሞተ። ፊቱን ሸፈነችና እጇን ታጥባ ወደ ረጅሙ አልጋ መጣች፤ ትከሻውን ልታስር። ሌላ ነርስ አልነበረም።

አንድ ፖሊስ ደብተሩን ይዞ ገባ። የረጅሙን ቋንቋ የሚያውቅ እዚያ ካቴና ብቻ ነው፤ ሲተረጉም የኖረ ሰው ነው። ረጅሙ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ አፉ አብጧል።

«ምን እንደሆነ ጠይቀው» አለ ፖሊሱ።

ረጅሙ ማልቀስ ጀመረ። «አልገባኝም። ቀስ ብዬ ነበር። እንዳልከኝ የፊቱን አልነካሁትም፣ በግራ እጄ የኋላውን ብቻ ነው የያዝኩት። እይ፣ በግራዬ።» ደህና የሆነውን ግራ እጁን አንሶላው ላይ ጨበጠ፣ ፈታ፣ ጨበጠ።

ካቴና በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አየው ይላል፤ አፋፉን፣ በደም የራሰውን ብሎን፣ ያልወጣውን ጥያቄ። በረጅሙ አገር የግራው የኋላ ነው። በሱ ብስክሌት የግራው የፊት ነው።

«ምን አለ?» አለ ፖሊሱ።

መዶሻ በሩ ላይ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቆሟል። ከኋላው ግቢው በተራራው ሰዎች ሞልቷል።

«ፍሬን ይዤ ነበር ነው የሚለው» አለ ካቴና።

«እየከነፈ?»

«ይመስለኛል።»

ፖሊሱ ጻፈ። ረጅሙ የተጻፈው ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አመሰግናለሁ» አለው፣ ለካቴና። መዶሻ ፖሊሱን ሳያይ፣

«ጣቢያ ብትወስዱትም አወጣዋለሁ። ግድግዳችሁን ድንጋይ በድንጋይ እነቅለዋለሁ እንጂ ያ ልጅ በሕይወት አገሩ አይገባም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፣ የነገን ሥራ የሚናገር ነው የሚመስለው።

ረጅሙን ወደ ፖሊስ መኪና ሲያወጡት የመጀመሪያው ድንጋይ መስታወቱን ሰበረ፣ ሁለተኛው የፖሊሱን ጆሮ ቀደደ። መኪናዋ በክፍት በሯ ተፈተለከች። አምስቱን እንግዶች እኔ ተመልሼ ከተራራው አወረድኳቸውና ከተማ አደረስኳቸው።

ሲመሽ ካቴና ቤቱ ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የተነከሰ ክንዱ አብጧል። ሚስቱ ለለቅሶው ወደ ተራራው ይዛ የምትሄደውን ልብስ ልትይዝ መጣች። እያጣጠፈች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣

«ልጁ የማን ብስክሌት ላይ ነበር?» አለችው።

«የድርጅቱ።»

«አትዋሽ፣ ደክሞኛል።»

እሱ ያበጠ ክንዱን አየ።

«ቋንቋቸውን አላውቅም። ዓይን ግን አለኝ። ልጁ ግራ እጁን ሲጨብጥ አየሁት። አንተ ያን ጊዜ የራስህን ግራ እጅ ኪስህ ውስጥ ከተትከው። ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር እጅህን ኪስህ ስትከት አይቼ አላውቅም።»

ነገራት። አጭር ነው፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። እሷ ዞር ብላ የቆርቆሮ ኩባያውን አነሣችና ፊቱ ላይ መታችው። ቅንድቡ ተሰነጠቀ። ደግማ መታችው። አልተከላከለም። ሦስተኛውን ስታነሣ እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው፣ የሚሰበር ይመስል።

«ያሳደገኝ እሱ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ልጁን ይገድሉታል። መዶሻ ካለ አለ ነው። ካልገደሉትም ፖሊሶቹ ባንተ ቃል ያበሰብሱታል።»

«ከተናገርኩ እኔን ነው የሚገድለኝ።»

«ሊሆን ይችላል።»

«አንቺስ?»

ከመሳቢያው ክርና መርፌ አወጣች፣ ቅንድቡን ሰፋችው። ስትሰፋ ማደንዘዣ አላደረገችለትም፤ ቤት ውስጥ ስላልነበረ ይሁን ሆን ብላ፣ እሱ አልጠየቃትም። ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችውና፣

«እኔን ምን አድርግ ብለህ አትጠይቀኝ። ለኔ ነግረኸኛል። መንገር ያለብህ ግን ለኔ አይደለም» አለችው።

በነጋታው ጧት ካቴና በሬን አንኳኳ። የተጣመመው ብስክሌት አሁንም መኪናዬ ላይ ነበር። «ወደ ላይ አድርሰን» አለኝ። ሚስቱ ከፊት ተቀመጠች፣ እሱ ከኋላ ከብስክሌቱ ጋር። የመኪናው መንገድ ሲያልቅ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ሚስቱ ሃያ እርምጃ ቀድማው ትሄዳለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለችም። እኔ ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም፤ እግሬ ነው የሄደው።

መቃብሩን እየቆፈሩ ነበር። መዶሻ በአንድ እጁ ዶማ ይወዘውዛል፤ ሌሎቹ ተው ቢሉትም አይሰማም። ሰዎቹ ካቴናን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት፣ የሚገርማቸው መምጣቱ ይመስላል። ብስክሌቱን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አስቀመጠው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረው፤ ተጣሟል፣ እየተንገዳገደ ዞረ። በግራ እጁ ፍሬኑን ያዘ። ጎማው ቀጥ አለ።

በተሰባበረ ቋንቋቸው ተናገረ። «ይህ የኔ ብስክሌት ነው። ልጁ ጋ ግራው የኋላ ነው። እኔ ጋ የፊት ነው። ሁልጊዜ እነግራለሁ። ትናንት አልነገርኩትም። አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ለፖሊሱም ዋሽቻለሁ።»

መዶሻ ከጉድጓዱ ወጣ። ካቴናን አላየውም። ጎማውን ራሱ አሽከረከረ፣ ፍሬኑን በደህና እጁ ጨበጠ። ቆመ። እንደገና አሽከረከረ፣ ጨበጠ። ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ነገር እንዴት እንደሚሰበር ይገባዋል። ሦስት ጊዜ አደረገው። ከዚያ ቀና አለና በግራ ቡጢው የካቴናን አፍ መታው።

ካቴና በተቆፈረው አፈር ላይ ወደቀ። መዶሻ ዶማውን አነሣ። እህቱ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ወንድሟን ብቻ ታየዋለች። ዶማው ከራሱ በላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ። መጨረሻ ላይ ዝቅ አደረገውና እጀታውን ተደገፈበት።

«ተነሣ» አለው።

ካቴና ተነሣ። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር እጁ ላይ ተፋ።

«ከታች ያሉት አልሰሙህም» አለ መዶሻ፣ ከእርከኑ ሥር የቆሙትን በአገጩ እያሳየ። «ልጁን ሊያወጡ ጣቢያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ንገራቸው። ከዚያ ለፖሊሱ ትነግረዋለህ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፣ አንድ ቃል እንዳትዘል።»

ካቴና አፉን በእጅጌው ጠረገ። ወደ እርከኑ ጫፍ ሄዶ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከውሻው ጀምሮ፣ ነገራቸው።